ምርመራውን አልፎ የወደቀው ልብ፦ የቲም ረሰርት ጉዳይ እና ኮላጅን ቆራጮቹ ኢንዛይሞች

ቀኑ አርብ፣ ጁን 13 ቀን 2008 ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ታዋቂው የአሜሪካ የፖለቲካ ጋዜጠኛ ቲም ረሰርት ዋሽንግተን በሚገኘው የኤንቢሲ ቴሌቪዥን ቢሮ ለእሁዱ ፕሮግራም ድምፁን እየቀዳ ሳለ ድንገት ወደቀ። ዕድሜው 58 ነበር። እዚያው ልቡን ለማስነሳት ደረቱን መጫን ተጀመረ። የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች ደርሰው በኤሌክትሪክ ንዝረት ሞከሩ። ሆስፒታል ተወሰደ፤ ሕይወቱን ግን ማትረፍ አልተቻለም።

ዜናው ብዙ ሰው ያስደነገጠው በዝናው ብቻ አይደለም። ረሰርት ሕመሙን ችላ ያለ ሰው አልነበረም። የልብ ደም ቧንቧዎቹ ችግር እንዳለባቸው ያውቅ ነበር። ሐኪም ይከታተለዋል፤ የደም ግፊቱም ኮሌስትሮሉም በመድኃኒት ተይዘው ነበር። ስፖርትም ይሠራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ኤፕሪል 29 ቀን፣ ማለትም ከመሞቱ ስድስት ሳምንት ገደማ በፊት፣ የስትረስ ቴስት ተደርጎለት ነበር። ልቡ በእንቅስቃሴ እንዲጨናነቅ ተደርጎ ሲታይ ውጤቱ ደህና ነው ተባለ።

የቀሩት ቁጥሮችም በሕይወት ካለ ሰው ወረቀት ላይ ቢገኙ ብዙዎቻችንን ያረጋጉናል። «መጥፎ» የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል፣ 68 ብቻ ነበር። ስኳር አልነበረበትም። በሌላ በኩል ክብደቱ ጨመር ያለ ነበር። ትራይግሊሰራይዱ ከፍ፣ «ጥሩው» ኮሌስትሮል ኤችዲኤል ደግሞ ዝቅ ይል ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት፣ በ1998፣ በሲቲ ስካን የልብ ቧንቧዎቹ ካልሲየም ሲለካ 210 ወጥቶ ነበር። ይህ ለ48 ዓመት ሰው ከፍ ያለ ቁጥር ነው። ሕመሙ ውስጥ ለውስጥ ከጀመረ ቆይቷል ማለት ነው። ምልክት ግን የለውም፤ ደረቱን አያመውም፣ ትንፋሽ አያጥረውም።

የአስከሬን ምርመራው ምክንያቱን አሳየ። ልቡ ከመደበኛው ተልቆ ነበር። ከልብ ፊት ለፊት በሚወርደው ዋናው የግራ ቧንቧ ውስጥ አንድ ፕላክ (በግድግዳው ውስጥ የተጠራቀመ የስብ ክምችት) ተቀድዶ ነበር። በተቀደደበት ላይ ገና ትኩስ የሆነ የረጋ ደም ተቀምጧል። ደሙ ተዘጋ፣ የልብ ምቱ ተዛባ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉም አለቀ።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ተጀመረ። ምርመራው ዋሸ ያሉ ነበሩ። ሐኪሞቹ አንድ ነገር አምልጧቸው ይሆናል ያሉም አልጠፉ። እኔ እንደሚመስለኝ ስትረስ ቴስቱ አልዋሸም። የተጠየቀውን ጥያቄ በትክክል መልሷል። ችግሩ ጥያቄው ሌላ መሆኑ ነው።

የስትረስ ቴስት የሚጠይቀው «ልብ ጠንክሮ ሲሠራ የሚበቃውን ደም ያገኛል ወይ?» ብሎ ነው። መልሱ «አያገኝም» እንዲሆን ቧንቧው በደንብ መጥበብ አለበት፤ በተለምዶ 70 በመቶና ከዚያ በላይ። ብዙ ገዳይ ፕላኮች ግን እስኪቀደዱ ድረስ ያን ያህል አያጠብቡም። ምክንያቱን ሲሞር ግላጎቭ የተባለ ፓቶሎጂስት ከባልደረቦቹ ጋር በ1987 አሳይቷል። ፕላክ ሲያድግ ቧንቧው ወደ ውጭ እየሰፋ ቦታ ይሰጠዋል። የደሙ መተላለፊያ መጥበብ የሚጀምረው ፕላኩ ከቧንቧው ስፋት 40 በመቶ ገደማ ከያዘ በኋላ ነው። ስለዚህ ግድግዳው በሽታ ተሞልቶ መንገዱ ክፍት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ መጠየቅ የነበረበት ምንድን ነው? ፕላኩን ከደሙ የሚለየው ሽፋን ምን ያህል ጠንካራ ነው የሚለው ነው። የዚህ ጉዳይ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው ያለው።

ሽፋኑ

ፕላክ ማለት በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ የተጠራቀመ ስብ፣ የሞቱ ሴሎች ፍርስራሽ እና የመከላከያ ሴሎች ስብስብ ነው። መሀሉ ላይ ለስላሳ፣ ገንፎ መሰል እምብርት አለ። እምብርቱ በኮሌስትሮል እና በሞቱ ማክሮፌጆች (ቆሻሻ የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች) የተሞላ ነው። ይህ ነገር ከደም ጋር ከተገናኘ ደሙ ወዲያው ይረጋል፤ ምክንያቱም ማክሮፌጆቹ «ቲሹ ፋክተር» የሚባለውን የደም መርጋት ቀስቃሽ ፕሮቲን እዚያ አከማችተውታል። እንዳይገናኙ የሚያደርገው በላዩ ያለው ፋይበራማ ሽፋን ብቻ ነው።

ሽፋኑ ምን ያህል ነው? ሬኑ ቪርማኒ እና ባልደረቦቿ በድንገተኛ የልብ ሕመም የሞቱ ወንዶችን ቧንቧ መርምረው በ1997 ውጤቱን አሳትመው ነበር። የተቀደዱት ሽፋኖች አማካይ ውፍረት 23 ማይክሮሜትር ሆኖ ተገኘ። 95 በመቶዎቹ ከ65 ማይክሮሜትር በታች ነበሩ። ዛሬ ድረስ «ቀጭን ሽፋን» የሚባለው መለኪያ፣ 65 ማይክሮሜትር፣ የመጣው ከዚያ ነው። የሰው ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይወፍራል።

ሽፋኑን ሽፋን የሚያደርገው ኮላጅን ነው፤ በተለይ ዓይነት 1 እና ዓይነት 3። የኮላጅን ሞለኪውል ሦስት የፕሮቲን ክሮች እንደ ገመድ ተገምደው የሚሠሩት ነው። ርዝመቱ 300 ናኖሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 1.5 ናኖሜትር ብቻ ነው። ግምዱ በጣም ጥብቅ ከመሆኑ የተነሳ ተራ ፕሮቲን አፍራሽ ኢንዛይሞች አይደፍሩትም።

የሚደፍሩት ጥቂቶች ናቸው። ዋነኞቹ ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ባጭሩ ኤምኤምፒ። «ሜታሎ» የተባሉት በሥራ ቦታቸው መሀል የዚንክ አቶም ስላለ ነው። ከቤተሰቡ ውስጥ ኤምኤምፒ-1፣ ኤምኤምፒ-8 እና ኤምኤምፒ-13 ኮላጅኔዝ ይባላሉ። ሦስቱም የተገመደውን ኮላጅን አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ይቆርጡታል። ቁራጮቹ አንዱ ሦስት አራተኛ፣ ሌላው አንድ አራተኛ ሆነው ይለያያሉ። ከተቆረጠ በኋላ የሰውነት ሙቀት ራሱ ግምዱን ይፈታዋል። ያኔ ጌላቲኔዝ የሚባሉት ኤምኤምፒ-2 እና ኤምኤምፒ-9 መጥተው የተፈታውን ይበታትኑታል። የመጀመሪያው ቁርጥ ነው ከባዱ። እሱ ካለፈ የቀረው ቀላል ነው።

እነዚህ ኢንዛይሞች መጀመሪያ የታወቁት ከልብ ጋር በምንም በማይገናኝ ቦታ ነው። በ1962 ጀሮም ግሮስ እና ሻርል ላፒየር የእንቁራሪት እጭ ጅራት ወዴት እንደሚጠፋ እያጠኑ ነበር። እጯ እንቁራሪት ስትሆን ጅራቷ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ጅራቱ ደግሞ ኮላጅን አለበት። ከጅራቱ ቁራጭ ወስደው በኮላጅን ጄል ላይ አስቀመጡት። በቁራጩ ዙሪያ ጄሉ ሟሟ። እንግዲህ እንስሳት ራሳቸው ኮላጅን የሚቆርጥ ኢንዛይም ይሠራሉ ማለት ነው። እኔ በግሌ ከዚህ ሙከራ የበለጠ የምወደው ጥቂት ነው። ርካሽ፣ ቀላል፣ እና መልሱ በዓይን የሚታይ።

በጤናማ ሰውነት ኤምኤምፒዎች ክፉ አይደሉም። ቁስል እንዲድን፣ አጥንት እንዲታደስ፣ ሴሎች ከቦታ ቦታ እንዲሄዱ ያስፈልጋሉ። ለዚህም ነው በጥብቅ የሚያዙት። ከሴል ሲወጡ ሥራ በማይሠራ መልክ ነው የሚወጡት፤ የራሳቸው አንድ ክፍል የዚንኩን ቦታ ዘግቶ ይይዘዋል። ሥራ እንዲጀምሩ ሌላ ኢንዛይም ያን መዝጊያ ቆርጦ መጣል አለበት። ከዚያም በኋላ ቲምፕ የሚባሉ አራት ዓይነት ተፈጥሯዊ አጋጆች አሉ፤ ተጣብቀው ያስቆሟቸዋል። ፕላክ ውስጥ የሚበላሸው ይህ ሚዛን ነው።

ማን ይገነባል፣ ማን ያፈርሳል

ኮላጅኑን የሚሠሩት በሽፋኑ ውስጥ ያሉት የለስላሳ ጡንቻ ሴሎች ናቸው። የሚያፈርሱት ኢንዛይሞች በብዛት የሚወጡት ከማክሮፌጆች ነው። ማክሮፌጆች ኮሌስትሮል ሲውጡ ይቆያሉ፣ ይቆጣሉ፣ አንዳንዶቹም እዚያው ይሞታሉ። ቲ-ሴሎች የሚባሉ ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ደግሞ ሁለቱንም ወገን ይነካሉ። ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ምልክት ይለቃሉ፤ ይህ ምልክት የጡንቻ ሴሎቹ ኮላጅን መሥራታቸውን እንዲቀንሱ ያደርጋል። በሌላ ምልክት ደግሞ ማክሮፌጆቹ ኤምኤምፒ እንዲያመርቱ ይጎተጉታሉ። ስለዚህ ብግነት ሲበረታ ግንባታው ይቀዘቅዛል፣ ማፍረሱ ይፈጥናል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሆኑ ሽፋኑ ይሳሳል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ1994 ዞሪና ጋሊስ፣ ፒተር ሊቢ እና ባልደረቦቻቸው ከሰው የተወሰደ ፕላክ ላይ ኤምኤምፒ-1፣ ኤምኤምፒ-3 እና ኤምኤምፒ-9ን አገኙ። ኢንዛይሞቹ በብዛት የተገኙት በፕላኩ ትከሻ ላይ ነው፤ ሽፋኑ ከጤናማው ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ። ብዙ ፕላኮች የሚቀደዱትም እዚያ ነው። መገኘታቸው ብቻ ሳይሆን እየሠሩ መሆናቸውም ታይቷል። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ቡድን የሰው ማክሮፌጆችን ከፋይበራማ ሽፋን ቁራጭ ጋር አስቀምጦ ኮላጅኑ ሲፈርስ አየ። የኤምኤምፒ አጋጅ ሲጨመር መፍረሱ ቆመ። በ1999 ደግሞ ኤምኤምፒ-1 እና ኤምኤምፒ-13 ባሉበት ቦታ በትክክል የተቆረጠ ኮላጅን እንዳለ ታየ። ቆራጩም ቁራጩም በአንድ ቦታ ተገኙ ማለት ነው። ኤምኤምፒዎች ብቻቸውን አይደሉም፤ ካቴፕሲን ኬ እና ካቴፕሲን ኤስ የሚባሉ ከሌላ ቤተሰብ የሆኑ ኢንዛይሞችም ያግዛሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። መደበኛ የአስከሬን ምርመራ ኢንዛይም አይለካም። በረሰርት ቧንቧ የታየው ቅድቅዱ እና የረጋው ደም ነው። ኮላጅኑ በነዚህ ቆራጮች ሳስቶ ነበር የምንለው በሌሎች ሰዎች ፕላክ ላይ በተደጋጋሚ ከታየው ተነስተን ነው። ጠንካራ ግምት ነው፤ ግን ግምት ነው።

ቅድቅዱ ራሱ የኢንዛይም ሥራ ብቻ አይደለም። ኢንዛይሙ ያዳክማል፣ የደሙ ጉልበት ይቀድዳል። በእያንዳንዱ የልብ ምት የደም ግፊቱ ሽፋኑን ይወጥረዋል። ከሥሩ ያለው ለስላሳ እምብርት ሸክሙን አይጋራም፤ ሁሉም ሸክም በቀጭኑ ሽፋን ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ ሽፋኑ ውስጥ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ካሉ በዙሪያቸው ያለው ውጥረት እጥፍ ሊሆን ይችላል። በሲቲ የሚታየው ትልቁ ካልሲየም የበሽታውን ብዛት ይነግረናል። አደገኞቹ ቅንጣቶች ግን ማይክሮሜትር በሚለካ መጠን ስለሆኑ ስካኑ አያያቸውም።

ጉዳዩ ለሕክምና አዲስ አልነበረም። የዴንማርኩ ቅርፃ ቅርፅ ሠሪ ቤርተል ቶርቫልድሰን በ1844 ኮፐንሃገን በሚገኘው ሮያል ቲያትር ተቀምጦ ሳለ ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር በግራው የልብ ቧንቧ ውስጥ አንድ ፕላክ ተከፍቶ ይዘቱን ወደ ደሙ መንገድ አፍስሶ ተገኘ። ያኔ ኢንዛይም የሚባል ነገር በዚህ ደረጃ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የታየው ግን ያው ነው።

68 እያለ ለምን?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው። ኤልዲኤል ዝቅ ካለ ፕላኩ ለምን ተቀደደ?

ኤልዲኤል የእሳቱ ማገዶ ነው እንበል፤ የዛሬው ቁጥር ግን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተከማቸውን አይነግርም። የ1998ቱ ካልሲየም በሽታው ያኔውኑ በቧንቧው ውስጥ እንደነበረ ይመሰክራል። በተጨማሪ ፕላክ በአንድ ጊዜ ብቻ አይቀደድም። ብዙ ጊዜ ትንሽ ይቀደዳል፣ ትንሽ ደም ይረጋል፣ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ይድናል። ቪርማኒ እና ባልደረቦቿ በድንገት በሞቱ ሰዎች ቧንቧ ውስጥ ተደራርበው የዳኑ የድሮ ቅድዶችን አግኝተዋል። ስለዚህ የመጨረሻው ቅድድ የመጀመሪያው ላይሆን ይችላል።

ይህ ማለት ግን ኮሌስትሮል መቀነስ አይጠቅምም ማለት አይደለም። በተቃራኒው ነው። በ2001 የታተመ አንድ ጥናት የአንገት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሰዎችን ወስዶ ለጥቂቶቹ ፕራቫስታቲን (ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች አንዱ) 40 ሚሊግራም ለሦስት ወር ሰጠ። ፕላካቸው ወጥቶ ሲታይ መድኃኒቱን ከወሰዱት ውስጥ ስቡ ቀንሶ፣ ኤምኤምፒ-2 ቀንሶ፣ አጋጁ ቲምፕ-1 እና ኮላጅኑ ጨምሮ ተገኘ። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ 24 ሰው ብቻ። አቅጣጫው ግን በኋላ ተደግሟል። በ2022 የወጣው ሃይገንስ የተባለ ጥናት በቧንቧው ውስጥ በሚገባ የብርሃን ካሜራ ሽፋኑን ራሱን ለካ። ስታቲን ኢቮሎኩማብ ከሚባል ሌላ ኤልዲኤል ቀናሽ መድኃኒት ጋር የወሰዱት ሰዎች ሽፋን በአንድ ዓመት ገደማ በ42.7 ማይክሮሜትር ወፈረ። ስታቲን ብቻ በወሰዱት 21.5 ነበር። 65 ላይ ድንበር ላለው ነገር 40 ማይክሮሜትር ትልቅ ለውጥ ነው።

ቆራጮቹን ለምን በቀጥታ አንዘጋቸውም?

ሐሳቡ በቀላሉ ይመጣል። ኢንዛይሙ ኮላጅኑን ከቆረጠ፣ ኢንዛይሙን ዝጋው፣ አለቀ። ተሞክሯል። አልሆነም።

በመጀመሪያ የኤምኤምፒ አጋጆች ለካንሰር ተሠሩ። ማሪማስታት የተባለው ዝነኛው ነው። የወሰዱት ሰዎች መገጣጠሚያቸውን እና ጡንቻቸውን ያማቸው ጀመር፤ ይደርቅባቸው ነበር። ከዚያ ፒጂ-116800 የተባለ አጋጅ ከሃርት አታክ በኋላ ባሉ 253 ሰዎች ላይ ተሞከረ፤ ዓላማው ልባቸው ቅርፁን እንዳይለውጥ ነበር። ውጤቱ በ2006 ሲወጣ ጥቅም አልታየም። ዶክሲሳይክሊን፣ ሁላችንም የምናውቀው አንቲባዮቲክ፣ በትንሽ መጠን ኤምኤምፒን ይዘጋል። እሱም የልብ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ የብግነት ምልክቶችን ቀነሰ እንጂ በሕመማቸው ላይ ለውጥ አላሳየም።

አይጦች ምክንያቱን በከፊል ያስረዳሉ። ኮላጅኔዝ የማይቆርጠው ኮላጅን ያላቸው አይጦች ፕላክ ውስጥ ኮላጅን በዛ፤ ይህ የሚጠበቅ ነበር። ኤምኤምፒ-13 የሌላቸውም እንዲሁ። ኤምኤምፒ-9 የሌላቸው አይጦች ላይ ግን በአንድ ጥናት ፕላኩ ባሰበት። ለምን? የጡንቻ ሴሎቹ ሽፋኑን ለመገንባት መጓዝ አለባቸው፤ ለመጓዝ ደግሞ ኤምኤምፒ-9 ያስፈልጋቸዋል። በሌላ ሙከራ ማክሮፌጆች ከልክ በላይ ንቁ ኤምኤምፒ-9 እንዲያመርቱ ሲደረግ ፕላኩ ተቀደደ። ያው ኢንዛይም አንዴ ገንቢ፣ አንዴ አፍራሽ ነው። ሁሉንም በጅምላ መዝጋት ሁለቱንም ይዘጋል። በነገራችን ላይ የአይጥ ፕላክ እንደ ሰው በቀላሉ አይቀደድም፤ ስለዚህ ከአይጥ ወደ ሰው ስንሻገር ረጋ ማለት ይሻላል።

የሠራው መንገድ ከላይ ያለውን ትእዛዝ ማብረድ ነው፤ ብግነቱን። በ2017 ካንቶስ የተባለው ጥናት ከ10,000 በላይ ሰዎች ላይ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ የተባለውን ብግነት ቀስቃሽ ምልክት የሚዘጋ ካናኪኑማብ የተባለ መድኃኒት ሞከረ። ኮሌስትሮል ሳይነካ ዋና ዋና የልብ አደጋዎችን በ15 በመቶ ቀነሰ። ውድ መድኃኒት ነው፤ ለከባድ ኢንፌክሽንም ያጋልጣል። በ2020 ግን ለሪህ የሚሰጠው የድሮው ኮልቺሲን፣ በቀን 0.5 ሚሊግራም፣ 5,522 ሥር የሰደደ የልብ ቧንቧ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ አደጋውን በ31 በመቶ ቀነሰ። ለረሰርት ዓይነት ታካሚ በ2008 እንዲህ ያለ ምርጫ በጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

ለይቶ ማወቅ ይቻል ነበር?

በደም ውስጥ ኤምኤምፒ-9ን መለካት ይቻላል። ችግሩ ኢንዛይሙ ከየትም ሊመጣ ይችላል፤ ከነጭ የደም ሴሎች፣ ከጉንፋን፣ ከቁስል። ናሙናው ሲቀዳ ደሙ ከረጋ ራሱ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ስለ አንድ ፕላክ ሽፋን የሚነግረን ነገር አነስተኛ ነው።

ሽፋኑን በቀጥታ ለማየት ኦሲቲ የሚባለው የብርሃን ካሜራ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ድረስ ይለያል፤ 65ን ለማየት ይበቃል። ነገር ግን ቀጭን ቱቦ ወደ ልብ ቧንቧ ማስገባት ይጠይቃል። ምልክት ለሌለው ሰው ይህ አይደረግም።

ቢደረግ እንኳ የሚቀረው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በ2011 የታተመው ፕሮስፔክት ጥናት 697 ታካሚዎችን ወስዶ በአልትራሳውንድ ቧንቧዎቻቸውን አየ። 600 ገደማ ቀጭን ሽፋን ያላቸው የሚመስሉ ፕላኮች ተገኙ። በሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ክትትል አደጋ ያመጡት ከነዚህ ውስጥ 26 ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ዝም ብለው ቆዩ፣ ወፈሩ፣ ወይም ሳይታወቁ ተቀድደው ዳኑ። ከሃርት አታኮች ውስጥ ደግሞ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ሽፋኑ ሳይቀደድ ላዩ ተልጦ ብቻ የሚመጡ ናቸው፤ እነሱን የሽፋን ውፍረት መለኪያ አይነካቸውም። ለዚህ ነው ሐኪሞች አንዱን አደገኛ ፕላክ ከማደን ይልቅ ሰውየውን በሙሉ የሚያክሙት፦ ኤልዲኤልን ዝቅ ማድረግ፣ ግፊቱን መያዝ፣ ሲጋራ ማስቆም፣ ለሚገባውም ብግነቱን ማብረድ። በዚህ መንገድ ሽፋኖቹ ሁሉ፣ የታየውም ያልታየውም፣ ጥቂት ማይክሮሜትር ያገኛሉ።